ምስክር ማዘጋጀትና ምስክር ማስጠናት፤ ድንበሩ የት ላይ ነው?

በፍርድ ቤቶቻችን ግቢ «አስጠንተው ያመጧቸው ምስክሮች ናቸው» የሚለውን አቤቱታ ያልሰማ ባለጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። የተረታ ሁሉ ይለዋል። የረታውም ቢሆን ስለ ተቃራኒው ወገን ምስክሮች ሲያወራ ይለዋል። አቤቱታው እውነት የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ሆኖም «ማስጠናት» የምትለው ቃል ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን በአንድ ከረጢት ጠቅልላ መያዟ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

አንደኛው ነገር፣ ምስክሩ ያላየውን «አየሁ»፣ ያልሰማውን «ሰማሁ» እንዲል ማድረግ ነው። ይህ ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 453 ሐሰተኛ ምስክርነትን ይቀጣል፤ ገፋፍቶ ያስመሰከረውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ምስክሩ ያየውንና የሰማውን ሳይፈራ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲናገር ማዘጋጀት ነው። ይህ የጠበቃ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ካልሠራው ደንበኛውን በድሏል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በግልጽ ተጽፎ በሁሉም ዘንድ ካልታወቀ፣ የሚጎዳው ሐሰተኛው ምስክር አይደለም። ሐሰተኛው ምንጊዜም ተዘጋጅቶ ይመጣል። የሚጎዳው ሳይዘጋጅ የሚመጣው፣ ወይም ተዘጋጅቶ መዘጋጀቱን የሚደብቀው እውነተኛው ምስክር ነው።

አንዲት አጭር ጥያቄ

በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ከሚሰነዘሩት ሁሉ ምስክርን ቶሎ የምታፈርሰው ጥያቄ ይቺ ናት፤ «እዚህ ከመቅረብዎ በፊት ጠበቃው አነጋግሮዎት ነበር?»

ምስክሩ ይደነግጣል። ጠበቃውን ቢሮው ሄዶ ማነጋገሩን ያውቃል። ነገር ግን «አዎ» ካለ የተጠና ምስክር የሚባል ይመስለዋል። ስለዚህ «ኧረ በጭራሽ፣ ዛሬ ነው ያየሁት» ይላል። ጠያቂው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። «ታዲያ ስለምን ጉዳይ እንደሚመሰክሩ በምን አወቁ? ከጠበቃው ጋር በአንድ መኪና አልመጡም?» እያለ ይቀጥላል። ከሁለትና ሦስት ጥያቄዎች በኋላ የምስክሩ ውሸት ይጋለጣል። ስለ ዋናው ጉዳይ የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ችሎቱ ግን ዋሽቶ ያየውን ሰው በሌላው ነገር ለማመን ይቸገራል።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዋሸውም መደበቅ በማያስፈልገው ነገር ነው። «አዎ፣ አነጋግሮኛል። የማውቀውን እውነት ተናገር ነው ያለኝ» ቢል ኖሮ ጥያቄው እዚያው ይሞት ነበር። ይህን መልስ መስጠት እንደሚችል ግን ማንም አልነገረውም። ጠበቃው ራሱም ምስክር ማነጋገር ነውር ይሁን ሥራ በቅጡ አልለየም።

እውነተኛ ምስክር ለምን ይሸነፋል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባል ለሕይወት ትልቅ መጽናኛ ነው። ለምስክር ግን ማደሪያ የለውም። የተሰጠው አንድ ጠዋት፣ ምናልባትም ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሆነውን ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል።

ችሎቶቻችን ለአሥርተ ዓመታት የሠሩበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር በሦስት ዙር እንዲጠየቅ ደነገገ። እነርሱም ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄና ድጋሚ ጥያቄ ናቸው። በአንቀጽ 137 መሠረት በዋናው ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ፣ ማቅረብ አይቻልም። በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ግን ይቻላል። ዓላማውም ምስክሩ ከተናገረው ውስጥ ስህተቱን፣ አጠራጣሪውንና ሐሰቱን ለችሎቱ ማሳየት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ምስክርን ማፋጠጥ ሕጋዊ መብት ነው። ችግሩ ምስክሩ ይህን አለማወቁ ነው። ሲፋጠጥ የተሰደበ ይመስለዋል፤ ይቆጣል ወይም ይሸማቀቃል። ቁጣውም መሸማቀቁም ከውሸት ምልክት ይቆጠርበታል።

ሰዓትን እንውሰድ። ምስክሩ «ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው» ይላል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ የስልክ ጥሪ ዝርዝር ይቀርብና «ጥሪው የተደረገው በ21 ሰዓት ነው፤ እርስዎ ግን ሦስት ሰዓት ብለዋል» ይባላል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ለማስረዳት ሰከን ያለ ሰው ያስፈልጋል። የተደናገጠ ምስክር «እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ እውነቱን በገዛ እጁ ይጥለዋል።

ከዚህ የባሰው ለፖሊስ የተሰጠው ቃል ነው። ያው የ1954ቱ ሕግ በአንቀጽ 145 ምስክሩ በምርመራ ጊዜ የሰጠው ቃል ተጠቅሶ ተአማኒነቱን ለመፈተን እንዲያገለግል ፈቅዷል። ይሁንና ያ ቃል የተጻፈው በመርማሪው ቋንቋ ነው። ምስክሯ «ቢላ ሲያብለጨልጭ አየሁ፣ ሰውየው ሲወድቅ አየሁ» ብላ ይሆናል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «ተከሳሽ በያዘው ስለታም መሣሪያ ሟችን ሆን ብሎ ሲወጋው አይቻለሁ» የሚል ነው። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ከሆነ ደግሞ በመሐል አስተርጓሚ አለ። ከዓመት በኋላ ችሎት ቆማ በራሷ አነጋገር ስትመሰክር «የቀድሞ ቃልሽን ለወጥሽ» ትባላለች። አልለወጠችም። የተለወጠው የጸሐፊው ቋንቋ ነው። ከችሎቱ በፊት የራሷ ቃል ተነቦላት ቢሆን ኖሮ «ይህቺን እኔ እንዲህ አላልኩም» ብላ ማስተካከል ትችል ነበር።

የጊዜውም ርዝመት ሌላ ፈተና ነው። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ከተመሰከረባቸው ድርጊቶች ብዙዎቹ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ናቸው። ልጇን ያጣች እናት ከሃያ ዓመት በኋላ ቀኑን ብትስት ያስገርማል? ቀኑን መሳቷ ልጇ አልተገደለም ማለት አይደለም። ነገር ግን «ቀኑን በእርግጠኝነት አላስታውስም፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው» ማለት እንደምትችል ካልተነገራት የማታውቀውን ቀን ለመጥራት ትገደዳለች።

አገሮች በሁለት መንገድ ሲሄዱ

ይህ የእኛ ብቻ ራስ ምታት አይደለም። ቀይ ሽብርን ራሱን ብንወስድ ጉዳዩ በአዲስ አበባ ብቻ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ አትላንታ ሦስት ኢትዮጵያውያት በደርግ ዘመን የከፍተኛ ሊቀ መንበር የነበረን ሰው በፍትሐ ብሔር ከስሰው፣ ስለደረሰባቸው ግርፋት መስክረው ረትተዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ደግሞ በኔዘርላንድስ የሔግ ፍርድ ቤት እሸቱ ዓለሙን በጎጃም በተፈጸሙ ወንጀሎች የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል። ዘመኑ አንድ ነው፤ ምስክር የሚስተናገድበት ሥርዓት ግን ለየቅል ነው። በአሜሪካ ምስክሩን አነጋግሮና አዘጋጅቶ ማቅረብ የጠበቃው ግዴታ ተደርጎ ይታያል። በኔዘርላንድስ ምስክሮች በአብዛኛው ቃላቸውን አስቀድመው የሚሰጡት ለፖሊስና ለመርማሪ ዳኛ ነው።

እንግሊዝ ከእነዚህ የተለየ ጥብቅ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ያርልስ ውድ በተባለ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ ከተነሣ ረብሻ ጋር በተያያዘ በሞሞዱ ጉዳይ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2005 ለወንጀል ችሎት ምስክርን ማሠልጠንም ሆነ ማለማመድ አይፈቀድም ብሏል። ምክንያቱም ምስክሩ ሳያውቀው እንኳ መልሱን ለጠያቂው ጆሮ እንዲስማማ አድርጎ ሊያርመው ይችላል። በአንጻሩ ማለማመድና ማስተዋወቅ ይለያያሉ ሲል አስረድቷል። ዳኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ምን እንደሚጠይቅ፣ ሥርዓቱ ምን እንደሚመስል ማሳየት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይበረታታል። በዚያች አገር ምስክሮችን አስቀድሞ ችሎቱን የሚያስጎበኝ የበጎ ፈቃደኞች አገልግሎት አለ።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በበኩሉ በነሐሴ 2023 ባወጣው 508ኛ አስተያየት መስመሩን ዘርዝሮ አስቀምጧል። ምስክሩን ማነጋገር፣ ሰነድ አሳይቶ ትውስታውን ማደስ፣ የመስቀለኛ ጥያቄን ባሕርይ ማስረዳትና ጥያቄና መልስ መለማመድ ይፈቀዳል። ሐሰት እንዲናገር መምከር፣ ለምስክርነቱ ይዘት ገንዘብ መክፈልና ምስክርነት በመስጠት ላይ ሳለ በምልክት መምራት ይከለከላል። ምስክርነት በቪዲዮ መሰጠት በተለመደበት በዚህ ዘመን በስልክ መልእክት መልስ ማቀበል ቀላል መሆኑንም አስጠንቅቋል።

ከሁሉም በላይ ትምህርት ያገኘሁበት ግን የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ጉዞ ነው። ኢትዮጵያ የፍርድ ቤቱ አባል አይደለችም። ቢሆንም የተለያየ የሕግ ባህል ያላቸው ዳኞች በአንድ ወንበር ተቀምጠው በዚሁ ጥያቄ ላይ ሲሟገቱ ማየት ይጠቅማል።

ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያው ክስ፣ በኮንጎው ቶማስ ሉባንጋ ጉዳይ፣ በኅዳር 2007 ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ከችሎት በፊት እያነጋገረ እንዳያዘጋጅ ከለከለ። ምስክሩ የቀድሞ ቃሉን እንዲያነብና ችሎቱን እንዲተዋወቅ ብቻ ፈቀደ። በጥር 2009 የመጀመሪያው ምስክር ቀረበ። በሕፃንነቱ ለውትድርና መወሰዱን ተናግሮ ሲያበቃ፣ በዚያው ዕለት ሐሳቡን ቀይሮ ይህን እንዲል ሌሎች እንደነገሩት ገለጸ። በኋላ ተመልሶ እንደገና መሰከረ፤ ነገር ግን ችሎቱ በ2012 ፍርዱን ሲሰጥ በዚህ ምስክር ቃል ላይ ሳይመሠረት ቀረ። ሉባንጋ በሌሎች ማስረጃዎች ጥፋተኛ ቢባልም፣ ዳኞቹ ዐቃቤ ሕጉ ይጠቀምባቸው የነበሩ አንዳንድ አገናኞች ምስክሮችን ለሐሰት ቃል ሳይገፋፉ እንዳልቀሩ ጠቁመዋል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ባለሙያው ምስክሩን እንዳያነጋግር ሲከለከል ምስክሩ ከማንም ጋር አይነጋገርም ማለት አይደለም። ሥነ ምግባር የማይገዛው፣ መዝገብ የማይይዝ ሌላ ሰው በሜዳው ላይ ይቀራል።

በጥር 2013 በኬንያ ጉዳዮች ሌላ ችሎት አቋሙን ለወጠ። ምስክርን ማዘጋጀት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በወጣ መመሪያ መሠረትና በቪዲዮ እየተቀረጸ ይሁን አለ። የኬንያ ክሶች ምስክሮች እየተሸሹና እየተባበሉ ሳይሳኩ መቅረታቸው ይታወቃል። ዝግጅት ምስክርን ከማስፈራሪያና ከመደለያ አያድንም። ቢያንስ ግን ባለሙያው ከምስክሩ ጋር ምን እንዳወራ ማየት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

ሦስተኛው ጉዳይ የዣን ፒየር ቤምባ ነው። የቤምባ መሪ ጠበቃ የነበረው ኤሜ ኪሎሎ ከደንበኛውና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በጥቅምት 2016 ጥፋተኛ ተባለ፤ አሥራ አራት ምስክሮች በመደለያና በማስጠናት ተበክለዋል በሚል። ምስክሮቹ በሐሰት መሰከሩ የተባለው በዋነኛነት በምን ላይ እንደሆነ ስመለከት ተገረምኩ። ስለ ጦርነቱ ወይም ስለ ወታደሮቹ አልነበረም። ስለተቀበሉት ክፍያ፣ ስለሚያውቋቸው ሰዎችና ከጠበቆቹ ጋር ስንት ጊዜ እንደተነጋገሩ ነው። ጠበቃው በስልክ ሲያስጠናቸው የነበረው «አነጋግሮኛል አትበሉ» የሚለውን ጭምር ነበር። ከላይ ያነሣኋት አጭር ጥያቄ ሔግ ድረስ ሄዳ አንድ ስመ ጥር ጠበቃ ጣለች።

መስመሩ የት ላይ ነው?

እንግዲህ መስመሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠበቃው ምስክሩን የሚያነጋግረው እንዴት እንደሚናገር ከሆነ በወሰኑ ውስጥ ነው። ምን እንደሚናገር ከሆነ ወሰኑን አልፏል። «ጥያቄውን ጨርሰው ይስሙ፤ ካልገባዎት ይደገምልኝ ይበሉ፤ የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይናገሩ፤ ወደ ዳኛው እየተመለከቱ ይመልሱ» ማለት አንድም ፍሬ ነገር አይለውጥም። «ሦስት ሰዓት ከምትል ሁለት ሰዓት ተኩል ብትል ይሻላል» ማለት ግን ፍሬ ነገሩን ይለውጣል።

በመካከል ደብዛዛ ቦታ መኖሩንም መሸሸግ አይገባም። ጠበቃው የምስክሩን ታሪክ ከመስማቱ በፊት «ሕጉ እንዲህ ከሆነ ነፃ ያወጣል፣ እንዲያ ከሆነ ያስቀጣል፤ አሁን የሆነውን ንገረኝ» ቢለው፣ በቃል ደረጃ አንድም ሐሰት አላስተማረም። ሆኖም በሩን ከፍቶ አሳይቶታል። የሁለት ምስክሮችን ቃል በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማንበብም እንዲሁ ነው። አንዱ የሌላውን ትውስታ ይወርሳል፤ ወርሶም የራሱ ይመስለዋል። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በተናገረው ቁጥር እርግጠኛነቱ ያድጋል፤ እርግጠኛነቱ ስላደገ ግን እውነትነቱ አያድግም። የእንግሊዝ ዳኞች ስጋት መሠረት አለው የምለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ግን ዝግጅትን መከልከል ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ምስክሩ በራሱ አንደበት ያውራ፤ ቀጥሎ የራሱ የቀድሞ ቃል ይነበብለት፤ ልዩነት ካለ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ፤ በመጨረሻ ሥርዓቱ ይገለጽለት።

ለእኛ ምን ይበጃል?

እኛ ዘንድ ጉዳዩን የሚያከብደው የቆየ አስተሳሰብ አለ። ከበላ ልበልሃ ዘመን ጀምሮ ሙግት የአንደበት ትግል ሆኖ ኖሯል። ተሟጋች «ምስክር ቆጠረ» ሲባል የራሱን ሰው ቆጠረ እንደማለት ይወሰዳል። ምስክሩም ራሱን የጠራው ወገን ባለውለታ አድርጎ ያያል። በሕግ ዓይን ግን ምስክር የማንም ወገን አይደለም። ማንም ይጥራው ማን፣ የሚምለው እውነት ለመናገር ነው። ዝግጅትም ከዚህ መነሣት አለበት።

የአቅም ልዩነቱም መታየት አለበት። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን በፖሊስ በኩል ያገኛቸዋል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699ም ለሚያሰጋቸው ከለላ የሚሰጥበትን መንገድ ዘርግቷል። የተከሳሽ ጠበቃ ግን የራሱን የመከላከያ ምስክር እንኳ ሲያነጋግር «ምስክር አባበለ» እንዳይባል ይሠጋል። ጥንቁቁ ጠበቃ ስለዚህ ምስክሩን ሳያነጋግር ችሎት ያቀርባል፤ ደፋሩ ደግሞ ካፌ ውስጥ ያስጠናል። ሁለቱም ለፍትሕ አይበጁም።

የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል። ከእንዲህ ያለ ተቋም የሚጠበቅ አንድ ሥራ ቢኖር ይህን መስመር በአንድ ገጽ ጽፎ ለአባላቱ ማደል ነው። ከገጹ ላይ የማይቀሩ ነጥቦች እነዚህ ይመስሉኛል። ምስክር አንድ በአንድ፣ በሚናገረው ቋንቋ ይነጋገር። የሌላ ምስክር ቃል አይነበብለት። ከትራንስፖርትና ከቀን ወጪ በላይ አይከፈለው፤ የተከፈለውም ይመዝገብ። ውይይቱ መቼና የት እንደተደረገ ጠበቃው ማስታወሻ ይያዝ። ምስክሩ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ምስክርነቱ ሳያልቅ ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር አያውራ። ስለ ዝግጅቱ ቢጠየቅ ደግሞ ሳይደብቅ ይናገር። የመጨረሻዋ ነጥብ ሌሎቹን ሁሉ ትጠብቃለች። በችሎት ሊነገር የማይችል ምክር የሰጠ ጠበቃ መስመሩን ማለፉን እዚያው ያውቀዋልና።

ጠበቃ የሌላቸው በርካታ ሰዎችስ? ለእነርሱ መፍትሔው ከፍርድ ቤቱ መምጣት አለበት። በመጥሪያው ጀርባ ላይ፣ በሚነበብ ቋንቋ፣ አሥር መስመር የማትሞላ ማስታወሻ ብትታተም በጀት አይጠይቅም። «ያዩትንና የሰሙትን ይናገሩ። የማያስታውሱትን አላስታውስም ማለት ይችላሉ። በሁለቱም ወገን ይጠየቃሉ። ከጠበቃ ወይም ከዐቃቤ ሕግ ጋር መነጋገር ጥፋት አይደለም፤ ቢጠየቁ እውነቱን ይናገሩ።» ማንበብ ለማይችለው የችሎት አስተናጋጁ በር ላይ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ቢያነብለት ብዙ ቀጠሮና ብዙ እንባ ይቆጥባል።

ይህ ሁሉ ቢደረግም የሐሰት ምስክር አይጠፋም የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ አይጠፋም። ዛሬ ግን ሐሰተኛውና እውነተኛው በአንድ ጥርጣሬ ስለሚመዘኑ ሐሰተኛው በጨለማው ይጠቀማል። ዝግጅቱ በግልጽ የሚደረግ ከሆነ በድብቅ መዘጋጀት ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ዳኛውም «ተዘጋጅተሃል ወይ?» ከማለት አልፎ «ምን ተብለህ ተዘጋጀህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እውነተኛው ምስክር የዚህን ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚፈራበት ምክንያት አይኖረውም።